ቱቦው ለምን ደረቀ

ውዳሴ ገብረወልድ ዓለም ባንክ ያደገች ኬሚስት ናት። በየጠዋቱ ሁለት ታክሲ ቀይራ አስኮ አካባቢ ወዳለ አነስተኛ ቤተ ሙከራ ትሄዳለች። እዚያ አራት ዓመት ሙሉ አንድ የዛፍ ሥር ስትፈጭ፣ ስትዘፈዝፍና ስታጣራ ኖራለች። የምትፈልገው የቁንጭር መድኃኒት ነው። ቁንጭር ፊት ላይ ወጥቶ የዕድሜ ልክ ጠባሳ የሚተው ቁስል ነው።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። የተፈጨው ሥር አልኮል ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ አልኮሉም ከሥሩ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይወጣል። አልኮሉ ሲተን ጠርሙሱ ሥር እንደ ሬንጅ ያለ ጥቁር ነገር ይቀራል። የውዳሴ ሬንጅ የቁንጭርን ተህዋስ ይገድላል። ግን በውስጡ በመቶ የሚቆጠሩ ንጥረ ነገሮች ስላሉ ገዳዩ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ በአንድ መለየት ያስፈልጋል። ደስ የሚለው ነገር፣ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ጫፉ ፈሳሽ ውስጥ በቆመ ስስ ሳህን ላይ ከፈሳሹ ጋር ሽቅብ ሲሳብ የራሱ የሆነ ከፍታ ላይ መቆሙ ነው። በልዩ መብራት ሲታይ እንደ ትንሽ ጥላ ብቅ ይላል።

ውዳሴ በዚህ መንገድ አንዱን አጥርታ አወጣች፤ «ቁጥር ሰባት» አለችው። ጽሑፏ ለኅትመት ተቀባይነት አገኘ። የዶክትሬት ሥራዋን በገምጋሚዎች ፊት ልታቀርብ ሦስት ሳምንት ቀራት።

አንድ ነገር ግን ይከነክናት ነበር። ቁጥር ሰባት ተህዋሱን የሚገድለው እጅግ በብዙ መጠን ሲሰጥ ብቻ ነው፤ ከሬንጁም ይደክማል። በርበሬን ከሽሮ ለይቶ ብቻውን የቀመሰ ሰው የባሰ መቃጠል አለበት እንጂ እንዴት ይለዝብለታል? አማካሪዋ ዶክተር ኢርፋን፣ «ንጥረ ነገሮቹ አንዳንዴ ተባብረው ነው የሚሠሩት። ጽሑፉ ላይ አንድ መስመር ጨምሪበት» ብለው አለፉት።

አንድ ሐሙስ ጠዋት አልኮል ለመውሰድ ወደ ዕቃ ቤት ወረደች። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት ጋሼ አምሐ ከትልቁ በርሜል ወደ ቢጫ ጀሪካን በላስቲክ ቱቦ እየቀዱ ነበር።

«ዶክተሬ፣ ድግሱ መቼ ነው? ሱፌን ላሳጥበው?»

«ሦስት ሳምንት ቀረው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ስትሾሚ መጀመሪያ ቱቦ አስገዢልኝ። ይኸውልሽ፣ ስገዛው እንደ አንጀት ይተጣጠፍ ነበር። በስድስት ወሩ እንጨት ሆነ። አራተኛዬ ነው!»

ውዳሴ ቱቦውን ተቀብላ ልታጥፈው ሞከረች። ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ላስቲክ ቱቦ የሚለሰልሰው ፋብሪካው ቅባት መሳይ ኬሚካል ስለሚጨምርበት ነው። ከደረቀ ቅባቱ ወጥቷል ማለት ነው። ወጥቶስ የት ገባ?

«ጋሼ፣ ይሄ ቱቦ ከአልኮል ሌላ ነገር ነክቶ ያውቃል?»

«ኧረ በፍጹም! ንጽሕናዬን ልትጠራጠሪ ነው?»

«የምጠራጠረውስ የራሴን ነው።»

ሥር ያልነካው ሁለት ሊትር አልኮል ወስዳ አተነችው። ምንም መቅረት አልነበረበትም፤ አንዲት የቅባት ጠብታ ቀረች። ጠብታዋን ከቁጥር ሰባት ጎን ሳህኑ ላይ አደረገቻት። ሁለቱም እኩል ከፍታ ላይ ቆሙ። በመሣሪያ ብታስመረምራቸውም ልዩነት አልተገኘባቸውም። ለአራት ዓመት አልኮሉን ብቻውን አትና አለማየቷ ነበር ስሕተቷ።

በነጋታው ሳህኑን ይዛ ዶክተር ኢርፋን ቢሮ ገባች። ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ጽሑፉ ሰኞ ይወጣል እኮ፣ ውዳሴ።»

«ዛሬ ዓርብ ነው፤ እናስቀረው።»

«ዶክትሬትሽስ?»

«የቱቦ ቅባት ይዤ ገምጋሚ ፊት ልቁም?»

ሳይወዱ ሳቁ። «አንድ ዓመት ትጥያለሽ።»

«ዶክተር፣ ቁጥር ሰባት ደካማ ነው፤ ሬንጁ ግን ብርቱ ነው። ገዳዩ እዚያው ውስጥ ተደብቋል። ያሰርነው ምንም የማያውቀውን ሰው ነው።»

ዶክተሩ ኮምፒውተራቸውን ከፍተው ለመጽሔቱ አዘጋጅ መጻፍ ጀመሩ።

ውዳሴም አሥራ ሁለት ኪሎ ሥር አዲስ ገዝታ ከሀ ጀመረች። ለጋሼ አምሐ የብረት ፓምፕ ተገዛላቸው። አልኮሉን ራሷ በመስታወት ዕቃ አተነች፣ አቀዘቀዘች፣ መልሳ ሰበሰበች። ሥር ካለበት ጠርሙስ ጎን ሁልጊዜ አልኮል ብቻ የያዘ ጠርሙስ አስቀመጠች። በአንዱ ላይ ያደረገችውን ሁሉ በሌላውም ላይ አደረገች። ሥራው እጥፍ ሆነ። አሥራ አንድ ወር ፈጀ።

መጨረሻ ላይ የተገኘው ዘጠኝ ሚሊግራም ቢጫ ዱቄት ነው፤ ለዓይን ከቁንጥር ጨው ያንሳል። የተህዋሱ ሙከራ ውጤት ማክሰኞ መጣ፤ ከሬንጁ በሠላሳ እጥፍ ባነሰ መጠን ገድሏል። መድኃኒት ለመሆን ገና የብዙ ዓመት መንገድ ይቀረዋል፤ ውዳሴም ይህን ታውቃለች።

ውጤቱን አንብባ አልዘለለችም። ከሁለቱ ጠርሙሶች የተዘጋጁትን ሳህኖች መብራቱ ሥር አስገብታ በመጀመሪያ ያየችው አልኮል ብቻ የነበረበትን ነው። ምንም የለበትም። ከዚያ ሌላውን አየች፤ አንድ ጥላ ብቻ፣ በራሱ ከፍታ ላይ ቆሟል።

ወደ ዕቃ ቤት ወርዳ በሩን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ሱፉን አሁን ያሳጥቡት።»