ከሞላሌ ጅዳ ስንት ሰዓት ነው

ልጄ ጅዳ ልትሄድ ከሞላሌ አውቶቡስ የተሳፈረችው ማክሰኞ ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አድራ፣ ረቡዕ ቀን ከአውሮፕላን ማረፊያው ደወለችልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሳል አለችኝ። ከዚያ ስልኳ ተዘጋ።

አባቷ ከሞተ ወዲህ ቤቱ የእኔና የእሷ ብቻ ነበር። እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ጅዳ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየ መምህር አለ፤ ሄጄ እሱን ጠየቅሁት። ስልኩን ነካክቶ ካርታ ላይ በእኛና በጅዳ መካከል ያለውን ባሕር አሳየኝ፤ ከጣቴ የማይሰፋ ሰማያዊ ነገር ነው። ሁለት ሰዓት፣ ቢበዛ ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው አለኝ። አላመንኩትም። አውቶቡሱ ከዚህ ደብረ ብርሃን እስኪገባ እንኳ ከዚያ በላይ ይፈጃል።

«እትዬ፣ በሰዓት ከሄድን ጅዳ ከአዲስ አበባ ይቀርብዎታል» ብሎ ሳቀ።

እኔ የጠየቅሁት ለዕውቀት ብዬ አይደለም። በእኛ ቤት ሰው መንገድ ከወጣ፣ የመድረሱ ወሬ ሳይመጣ ቤት አይጠረግም፤ መንገደኛውን ጠርጎ እንደመጣል ነው። እናቴ፣ አባቴ በበቅሎ ራቤል የሄደ ጊዜ ሦስት ቀን መጥረጊያ አልነካችም። ለአውሮፕላን ስንት እንደሚጠበቅ ግን የነገረኝ የለም። በመምህሩ ሒሳብ ከሆነ አሥራ አንድ ተኩል ላይ መጥረጊያዬን ማንሳት ነበረብኝ።

አሥራ አንድ ተኩል ሆነ፤ አልደወለችም። ሐሙስም አልደወለች። ዓርብ ኔትወርክ ፍለጋ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ወጥቼ ዋልኩ። አውቶቡስ ተገለበጠ ቢሉኝ ነጠላዬን ጣል አድርጌ በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ። አየር ላይ የት ይኬዳል?

ቤቱን ገለባና የበግ በጠጥ ሞላው። ቅዳሜ ጎረቤቴ ገበያ ስትወጣ ብቅ ብላ ወለሉን አየችና «አንቺ፣ ቤቱን ለበጎቹ አከራየሽው እንዴ?» አለችኝ። ምክንያቱን ስነግራት ገበያውን ትታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ሰኞ ረፋዱ ላይ የማላውቀው ረጅም ቁጥር ደወለ። እሷ ናት።

«እማ፣ ደርሻለሁ።»

መቼ ደረስሽ አልኳት። የዚያኑ ዕለት፣ ሳይመሽ ነው አለችኝ። እኔ አምስት ቀን ሙሉ አየር ላይ አንጠልጥያት፣ እሷ ለካ የሰው ወጥ ቤት ቆማለች። ስልኳን አሠሪዋ ይዛባታለች፤ ይኼኛው የሌላ ሠራተኛ ነው።

«ደህና ነሽ ወይ?» አልኳት።

«ቤቱን እስካሁን አልጠረግሽም አይደል?» አለችኝ። ልትስቅ ፈልጋ ነበር፤ ድምፅዋ አልታዘዘላትም። ከበስተኋላዋ አንዲት ሴት በማላውቀው ቋንቋ ጠራቻት፤ ስልኩ ተዘጋ።

ጎረቤቴ ሰምታ መጣች። ደረሰች አይደል፣ በይ ተነሺ ብላ መጥረጊያውን አቀበለችኝ። ደጃፉን ጠረግሁ፤ ጓዳውንም ጠረግሁ። የልጄ አልጋ ሥር ስደርስ ቆምኩ። ደርሻለሁ ነው ያለችኝ፤ ደህና ነኝ አላለችኝም። ጎረቤቴ ጠበቀችኝ፣ ጠበቀችኝና የተጠረገውን ሰብስባ ወጣች። ያ ጥግ እስከ ዛሬ እንዳለ ነው።