የእንቅልፍ ደብተሩ

የያዙኝ በጠራራ ፀሐይ፣ ካዛንቺስ ከሚገኘው ሥራ ቦታዬ ነው። እንቅልፍ ያጡ ሯጮችን የቻይና መርፌ እየወጋሁ የማክምባት አንዲት ክፍል ነበረችኝ። መርፌዎቼንና አንድ ሰማያዊ ደብተር ሰብስበው ወሰዱ። እኔ የፈራሁት ለመርፌዎቹ ነበር፤ ጉድ ያፈላው ግን ደብተሩ ሆነ።

ደብተሩ ላይ የሯጮቹን ስም የመጀመሪያ ፊደልና ለስንት ሰዓት እንደተኙ እጽፍ ነበር። «ተ፣ አራት። ተ፣ አምስት ተኩል።» መርማሪው ይህ የድብቅ ስብሰባ ሰዓት ነው አለ። የእንቅልፍ ነው ስለው ሳቀብኝ። አልፈርድበትም፤ በዚያ ሰሞን የሰው እንቅልፍ የሚመዘግብ ሰው ማን ያምናል?

የታሰርንባት ክፍል ለስድስት ሰው እንኳ ትጠብ ነበር። የባልዲው ሽታ አይን ያቃጥላል፣ ሲሚንቶው እርጥብ ነው። የምንተኛው በጎን ተደርድረን ሲሆን፣ የክፍሉ ኃላፊ፣ ካቦ የምንለው ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር፣ «ዙር» ሲል ሁላችንም አብረን እንገለበጣለን።

በአራተኛው ቀን ከምሳ በኋላ በሩ ተከፈተና «ተ» ራሱ ገባ። አሁን ሃያ ሆንን። ቱታው ተዝረክርኳል፣ ዓይኑ ደም መስሏል። ሦስት ሌሊት አቁመው እንዳሳደሩት፣ አሥር ሰዓት ላይ እንደገና እንደሚጠሩት ነገረኝ።

«ጋሼ፣ በቃ የስብሰባ ሰዓት ነው ብዬ ልፈርም ነው» አለኝ። «ማለቴ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊደል ድርብ ድርብ ሆኖ ነው የሚታየኝ። የሚሉኝን ሁሉ እሺ እላለሁ።»

ያሳፍረኛል፣ ግን መጀመሪያ የፈራሁት ለራሴ ነው። እሱ ከፈረመ እኔ አለቀልኝ።

ልጁ እስኪጠሩት ትንሽ ቢተኛ አእምሮው እንደሚጠራለት ለካቦው አስረዳሁ። ልጁ የሚዘረጋበት ቦታ አልነበረም። ካቦው ትንሽ አሰበና ሁሉም ተነሥቶ ግድግዳ እንዲይዝ አዘዘ። እግሩ ያበጠ አንድ ነጋዴ አጉረመረመ፤ ከዚያ እሱም ቆመ።

መርፌ የለኝም። ከእጅ አንጓው ሦስት ጣት ከፍ ብሎ፣ በሁለቱ ጅማቶች መካከል፣ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። የልቡ ትርታ እጄ ሥር ይዘላል። ቀስ በቀስ እጁ ከበደኝ፤ ተኛ።

ብዙም ሳይቆይ የበሩ መስኮት ተከፈተ። ለምን እንደቆምን ፖሊሱ ጠየቀ።

«ቆጠራ እየጠበቅን ነው» አለ ካቦው።

ፖሊሱ የእጅ ሰዓቱን አየ። የቆጠራ ሰዓት አልነበረም። ሰዎቹ ልጁን ተኝቶ እንዳያየው ተጠጋግተው ከለሉት። ከዚያ መስኮቷ ተዘጋች።

አሥር ሰዓት ላይ ጠሩት። ነጋዴው ከመጠጫ ውኃው አፍስሶለት ፊቱን ታጠበ፣ የቱታውን ዚፕ እስከ አንገቱ ዘግቶ ወጣ። ሲመለስ ከንፈሩ አብጧል።

«አልፈረምኩም። የተኛሁበት ሰዓት ነው አልኳቸው» አለኝና ተቀመጠ። ቀጥሎ እንደ ድሮው ጠየቀኝ፦ «ስንት ተኛሁ ግን?»

«ሁለት ሰዓት» አልኩት።

ከወራት በኋላ ሁለታችንም ተፈታን። እሱ ሩጫውን ትቶ ኦሎምፒያ አጠገብ ሱቅ ከፍቷል። ያስተኛው አውራ ጣቴ ይሁን የሰዎቹ መቆም እስከ ዛሬ አላውቅም። ደብተሩን በቀይ እስክሪብቶ አስምረውበት መለሱልኝ። ከመጨረሻው ቀይ መስመር ሥር እኔም ጨመርኩበት፦ «ተ፣ ሁለት። ቆሞ ያስተኛው ሰው፣ አሥራ ስምንት።»