የገዘሩ ልጅ ጫማ

መብራት ሲጠፋ ጎረቤቴ ያለው ሱቅ ጄኔሬተሩን ያስነሳል፤ የቤንዚኑ ሽታም በመስኮቴ ይገባል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ። ስንት ዘመን አለፈ፣ ንዴቱ ግን አልወጣልኝም።

ታላቅ ወንድሜን ከትምህርት ገበታ አንስተው ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ደርግ ወድቆ ወታደሩ ሲበተን ከስቶ፣ ጠቁሮ ጂንካ ገባ። እኔ ሃይስኩል ነበርኩ። ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። በመጨረሻ ገበያው አጠገብ በጄኔሬተር የሚሠራ የቪዲዮ ቤት የነበረው ሰውዬ እንግሊዝኛውን ሰምቶ አስተርጓሚ አደረገው። ወንድሜ ቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ነጮቹ የሚሉትን በአማርኛ፣ ሲያሻውም በአገራችን ቋንቋ በአሪኛ ይመልስ ነበር። የሴቷን ድምፅ ያቀጥናል፣ የጄኔራሉን ያወፍራል። ሰው የሚመጣው ለፊልሙ ሳይሆን ለእሱ ነበር። እኔም አግዳሚው ላይ ተቀምጬ "እህቱ ናት" ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን አዲስ ካሴት መጣ። ወታደሮች ውጊያውን ትተው የጠላትን ወርቅ ሊሰርቁ ይነሳሉ። ቀልድ ነው። ካዝናውን ጋሪ ላይ ይጭኑታል፤ ቁልቁለት ላይ ያመልጣቸውና እነሱ ጋሪውን፣ ጠላት ደግሞ እነሱን ያባርራል። ወንድሜ ላብ እስኪያጠምቀው ተረጎመ። ቤቱ በላብና በሳቅ ታፍኗል። ከዚያ አንዱ ወታደር ተመቶ ወደቀ። ጓደኛው ጎንበስ ብሎ አለቀሰለት፤ እያለቀሰም ጫማውን ፈታና ይዞት ሮጠ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

ወንድሜ መተርጎሙን ተወ።

"ምን አለ? ተርጉም እንጂ" አለ ባለቪዲዮ ቤቱ በሩ ላይ ቆሞ።

"ይሄን አልተረጉምም።"

"እናንተማ ጠመንጃችሁን እንኳ ይዛችሁ አልተመለሳችሁም። እንዴት እንደሚዘረፍ እይና ተማር።"

ደግመው ሳቁ። ሲያስቃቸው በኖረው ሰው ሳቁበት። ወንድሜ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጎ ወጣ።

ያን ሰውዬ እስከዚያ ቀን ድረስ "ጋሼ" ነበር የምለው። ተነሳሁና "አንተ! እሱ ጥይት ሲዘንብበት አንተ የት ነበርክ?" አልኩት። ከጄኔሬተሩ የሚመጣውን ገመድም ነቀልኩት። ጨለመ። ጮኹብኝ፤ አንዱ ገፍትሮ አስወጣኝ። ሰውዬው ዛሬ ባለሆቴል ነው። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ "ገመድ ነቃይዋ" እያለ ይስቃል። ሰላም አልለውም። ወንድሜን ማን ወሰደው? ሲመለስስ ማን ተቀበለው? በዚህ የሚስቅ ሰው ሰላምታዬ ምን ያደርግለታል?

ወንድሜን አውሮፕላን ማረፊያው ዳር፣ ከብት በሚግጥበት ሣር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሰውዬውን መራገም ስጀምር አቋረጠኝ።

"ተይው። እኔም ወስጃለሁ።"

"ምን?"

"ጫማ። የገዘሩን ልጅ ጫማ።"

የገዘሩ ልጅ ከጂንካ በላይ ካለችው ከገዘር መንደር አብሮት የዘመተ ጓደኛው ነበር። እናቱ ለገበያ ጂንካ በወረዱ ቁጥር ወንድሜን ፈልገው "ልጄን የት ተውከው?" ይሉታል። እሱ ደግሞ "መንገድ ላይ ተለያየን" ይላቸው ነበር። ለካ እጁ ላይ ነው የሞተው። ሽሽት ላይ ስለነበሩ አልቀበረውም። የራሱ ጫማ አልቆ እግሩ ይደማ ስለነበር የሟቹን አድርጎ አገሩ ገባ።

"ሄደህ ንገራቸው" አልኩት። በንዴት ነበር ያልኩት፤ በማን ላይ እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

በማግስቱ አብረን ገዘር ወጣን። ሴትዮዋ ጓሮ ቁጭ ብለው እንሰት ይፍቁ ነበር። ወንድሜ እንደቆመ በአሪኛ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ያ ስንት ሰው ሲያስመስል የኖረ ድምፅ አሁን የራሱ ብቻ ነበር። እሳቸው ቀና አላሉም። ሲጨርስ እጃቸው ቆመ።

"ጫማው ልክህ ነበር?" አሉት።

"ጠቦኝ ነበር፣ እማማ።"

"አዎ፣ እግሩ ትንሽ ነበር" አሉ። ከዚያ ከተቀመጡበት ቁርበት ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት።