አማች ፊት የማይጠየቅ ጥያቄ

መተማ በነርስነት ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ዘነቡ የሰጡኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ አልጋ ባልጋ እየዞርኩ የሕመምተኞቹ አንጀት መሥራቱን ለማወቅ «አየር ወጣዎት?» ብዬ እንድጠይቅ ነበር። ለዚህ ነው እንዴ የተማርኩት አልኩ፣ በሆዴ።

ከዓመታት በኋላ ጋሽ ይርጋ የሚባሉ የሽንፋ ሰሊጥ ገበሬ ከትራክተር ተጎታች ላይ ወድቀው፣ ጭናቸው ተሰብሮ እኛ ዘንድ ተኙ። አልጋቸውን ከአብደራፊ ሊጠይቋቸው የመጡ አማቾቻቸው ከበውታል።

«ጋሽ ይርጋ፣ አየር ወጣዎት?»

«እኔ? በስመ አብ! ምን ነክቶሻል ልጄ፣ አማቾቼ ፊት!»

እዚህ አገር ሽማግሌ ሁሉ እንዲህ ስለሚል፣ በመልሱ ብቻ ምንም አይታወቅም። አንሶላውን ገለጥኩ። ሆዳቸው ተወጥሯል፤ በጣቴ ስመታው እንደ ከበሮ ጮኸ። ለካ እውነታቸውን ነው፤ ምንም አየር አልወጣቸውም።

ቤተሰቡ «አንጀታቸው ተጠማዟል፣ ጎንደር እንውሰዳቸው» ብሎ መኪና አስነሣ። ዶክተር ሀብታሙ መርምሮ፣ ራጁን አይቶ አስቆማቸው።

«የተጠማዘዘም የዘጋም ነገር የለም። ትልቁ አንጀት ራሱ ነው ሥራ ያቆመው። ሽማግሌ ላይ ስብራት፣ መተኛትና ጠንካራ ማስታገሻ ሲደራረቡ እንዲህ ያደርጋል። ዝም ካልነው ግን ይፈነዳል፤ ከፈነዳ እናጣቸዋለን።»

ይወስዱት የነበረውን ጠንካራ ማስታገሻ፣ ትራማዶልን፣ በሌላ ተካን። ምግብ ከለከልን፤ በደም ሥር ፈሳሽ ሰጠን፤ ያነሰውን ፖታሲየም ሞላን፤ በአፍንጫም በፊንጢጣም ቱቦ አስገባን፤ እያገላበጥን አስተኛናቸው። ሆዳቸው እንደተነፋ አደረ። ፈራሁ።

በማግሥቱ ዶክተሩ ኒዮስቲግሚን ለመስጠት ወሰነ። አንጀትን ያነቃል፣ የልብ ምትን ግን ሊያወርድ ይችላል። ሞኒተሩን አገናኘሁ፤ ምቱ ቢወርድ የሚመልሰውን አትሮፒን በሲሪንጅ ቀድቼ ቆምኩ። አማቾቹን ውጡ ብላቸው «የታመመ አማች ጥሎ መውጣት ነውር ነው» ብለው ንቅንቅ አንልም አሉ።

መርፌው ቀስ ተብሎ ገባ። ጥቂት ቆየን። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ያረጀ ትራክተር የተነሣ ነው የመሰለኝ፤ ደግሞ አያቆምም። ጋሽ ይርጋ ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ። ጎረቤት አልጋ ላይ የተኙት ነጋዴ ሐጂ እድሪስ «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። ከአማቾቹ ትልቁ፣ ሲገቡ ጀምሮ ጥርሳቸው ያልታየ ኮስታራ ሽማግሌ፣ ብድግ ብለው «እሰይ! ይጨምርልዎ!» ሲሉ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔም አትሮፒኔን እንደያዝኩ አብሬ እልል አልኩ፤ ደስታው አላስችል አለኝ። ሆዳቸው እጄ ሥር እየጎደለ ነበር።

«ወጡ ወይ?» አሉኝ ጋሽ ይርጋ ከጋቢው ውስጥ።

«እነማን?»

«አማቾቼ።»

«ኧረ እዚሁ ናቸው።»

«በቃ ልሙት!»

«አሁንማ አይሞቱም፣ ጋሽ ይርጋ።»

አልጋ ላይ የዋለ ሽማግሌ ሆዱ ከተነፋ በእጃችሁ ንኩት፤ የሚወስደውን ማስታገሻ እዩ፤ ሐኪም ቶሎ ጥሩ።