የሽሻይ መዳፍና የማኅበሩ ላንድክሩዘር

ኡራኤል ታክሲ መያዣው ጋ፣ ሰልፉ መሐል፣ በሁለት እጃቸው የዘይት ጀሪካን ያንጠለጠሉ አዛውንት የጫማቸው ክር ተፈቶ ቆመው ነበር። ከኋላቸው የነበረች የቢሮ ልብስ የለበሰች ሴት ቦርሳዋን ለማታውቀው ሰው አስያዘችና ቁጢጥ ብላ አሰረችላቸው። «ሁለቴ ቋጥሬዋለሁ አባባ፣ እስከ ቤት ያደርስዎታል» አለች። «ክፉ አይንካሽ» አሏት። ቦርሳዋን ተቀብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

መካኒኩ ሽሻይ ይህን ከመንገዱ ማዶ ሆኖ አየ። ደግ ነገር መሆኑ ገብቶታል። ቀድሞ ቢሆን ማታ ለሚስቱ ለራሕዋ የሚያወራላት ነገር ይሆን ነበር። አሁን ግን ልቡን አልነካውም። ያስተዋለው የሴትዮዋን ጣቶች ብቻ ነው፤ ክሩን የቋጠረችው ቀና ብላ አዛውንቱን እያነጋገረች፣ ሳታየው ነበር።

ሽሻይ ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሠራው ካዛንቺስ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ዕቃውን ጭኖ ቂርቆስ፣ አንድ ዘመዱ ግቢ ገባ። የድሮው ግቢ ግንብ ሲወድቅ ጎረቤቶቹ አለቀሱ፤ እሱ መፍቻዎቹን በቁጥራቸው እየለየ ሳጥን ውስጥ ይደረድር ነበር። ራሕዋ «አንተ ሰው፣ ምን ሆነሃል?» ብትለው «በቃ ፈረሰ፣ ምን ልሁን?» አላት።

ጣቶቹ የደነዘዙት በዚያው ሰሞን ነው። መጀመሪያ ጫፍ ጫፋቸው፣ ከዚያ እስከ መዳፉ። ሐኪሟ ስኳር ነርቩን እንደጎዳው ነገረችው። መድኃኒቱን ይውጣል፤ ስለ እጁ ግን ለማንም አልተነፈሰም። አንድ ቀን ጣቱ ተቃጥሎ ውሃ መቋጠሩን ያወቀው በዓይኑ አይቶ ነው። መቼ እንደተቃጠለ አያውቅም።

ለብዙው ሥራ ዓይንና ጆሮ ይበቃሉ። የሙቀት ነገር ግን የእጅ ነው፤ ሽሻይም ስም ያተረፈው በዚሁ ነበር። ሞተሩን አሙቆ ያጠፋና መዳፉን በራዲያተሩ ፊት ላይ ከላይ ወደ ታች ያወርዳል። ውሃ የሚያልፍበት ይሞቃል፣ የተደፈነበት ይቀዘቅዛል። «እዚህ ጋ ተዘግቷል» ካለ ተፈትቶ ሲታይ እንዳለው ነው። ወጣት መካኒኮች በጨረር ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ሲገዙ «የኔን እግዜር በነፃ ሰጥቶኛል» እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

የዚያን ዕለት ጠዋት ግቢው ውስጥ የምትጠብቀው የአንድ ጽዋ ማኅበር መኪና ነበረች። ዕድሜዋ ከሠላሳ ያለፈ ላንድክሩዘር ናት፤ ሥራዋ በሽተኞችን ጸበል ማመላለስ ነው። ዳገት ላይ ትፈላለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ሽሻይ ራዲያተሯን ዳስሶ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ሲሆንበት «ደህና ነው» ብሎ የውሃ ፓምፑን ቀየረ። አንድ ዓይነት የሆነበት ምንም ስላልተሰማው እንደሆነ ያን ጊዜም ጠርጥሯል፤ ግን አልተናገረም። በሳምንቱ መኪናዋ እንጦጦ ዳገት ላይ ፈላችና አንዲት ታማሚ ሴት መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ግማሽ ቀን ዋለች።

ማኅበሩ ተሰብስቦ ወሰነ። አሁንም ችግሩ ካልታወቀ ወይም ሞተሯ ይፈታ ከተባለ መኪናዋ ትሸጣለች፤ ሾፌሯ ጋሽ በድሉም ቤታቸው ይገባሉ። ውጤቱን አይቶ ለእሁድ እንዲነግር ከአባላቱ አንዱ ተላከ። እሱም ይህን የሚጽፈው ሰው ነው።

«እሷስ እንዴት አደረች?» አለ ሽሻይ፣ ጋሽ በድሉን ጨብጦ።

«እሷማ እንደኔው ናት። ሜዳ ላይ ጤነኛ፣ ዳገት ስታይ በሽተኛ።»

«ቆማ ስትሠራስ?»

«ቀኑን ሙሉ ብትሠራ ንክች አይላትም።»

ሽሻይ ኮፈኑን ከፈተ። ፋኑን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ አልላላም። የዘይት መለኪያውን መዝዞ አየ፤ ዘይቱ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ወተት አልመሰለም። የራዲያተሩን ክዳን አንስቶ ሞተሩን አስነሳ፤ አረፋ አልወጣም። የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ የቴስታታው፣ ችግር ቢሆን ኖሮ ከእነዚህ አንዱ ይታይ ነበር። ሆኖም «ቴስታታው ነው» ቢል የሚከራከረው እንደሌለ ያውቃል። ሞተሯ ይፈታ ማለት ስለሆነ መኪናዋ ትሸጣለች፣ የእጁም ነገር ተሸፍኖ ይቀራል። ሐሳቡ ሲመጣ አላስደነገጠውም። ጥቂት አብሮት ቆመ።

ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ራዲያተሩ አፍ ጎንበስ አለ። የቆየ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ዓይነት ነጭ ነገር ዙሪያውን ይዞታል።

«ጋሽ በድሉ፣ ምን ውሃ ነው የሚጨምሩባት?»

«ውሃ ነዋ።»

«የየት ውሃ?»

ሽማግሌው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ከበሽተኞቹ ጀሪካን የሚተርፈውን ጸበል ነው። ታዲያ የትም ይደፋ? ሰው እኮ ይረግጠዋል።»

«ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ዘጠኝ ዓመት። እሷም ትባረክ ብዬ።»

ይህን የሚጽፈው ሰው አንገቱን ደፋ። ጀሪካኑን ብዙ ጊዜ ያቀበላቸው እሱ ነበርና።

«ተባርካለች» አለ ሽሻይ። «ግን ከአለት ሥር የሚፈልቅ ውሃ አለቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ሲፈላ ውሃው ይሄዳል፣ አለቱ ይቀራል።»

«ኃጢአት ሠራሁ በለኛ።»

«ኧረ ምን በወጣዎት። ከእንግዲህ የተረፈውን እግር የማይደርስበት ዛፍ ሥር ያፍስሱት።»

የማኅበሩ መልእክተኛ ግን እሁድ የሚጠብቀውን ጥያቄ ያውቃል። «ሽሻይ፣ ነጩ ነገር አፉ ላይ ነው፤ ውስጡ መደፈኑን በምን ታውቃለህ? ባለፈውም ራዲያተሩ ደህና ነው ብለኸን ነበር።»

ሽሻይ ክዳኑን ገጥሞ ሞተሩን አስነሳና የሙቀት መለኪያዋ ቀስት መሐል እስክትደርስ ጠበቀ፤ ከዚያ አጠፋው። መዳፉን ራዲያተሩ ላይ አደረገና ቀስ እያለ አወረደው። ብረት መንካቱን ዓይኑ ነገረው። ሌላ የነገረው የለም። እንደገና ከላይ ጀመረ፤ መሐል ላይ ሲደርስ እጁን አንስቶ በጨርቅ ጠረገው።

«ወንድሜ፣» አለ ዞር ሳይል፣ «እጅህን ታውሰኛለህ?»

«ምን ልያዝልህ?»

«የሚያዝ የለም። እጄ ሙቀትና ቅዝቃዜ አይለይም፣ ዓመት ሊሆነው ነው። ባለፈው የተሳሳትኩትም ለዚህ ነው። ራሕዋም አታውቅም።»

ጋሽ በድሉ ከራዲያተሩ ፊት ዘወር ብለው ለመልእክተኛው ቦታ ለቀቁ።

«ና፣ እዚህ ቁም። ላይኛው ይፋጃል፣ አትጫነው፤ ንካ ንካ እያደረግህ ወደ ታች ውረድ። የቀዘቀዘበት ስትደርስ ቁምና ንገረኝ።»

ይህን የሚጽፈው ሰው እጁን ቀስ እያለ አወረደ፤ ከመሐል ዝቅ ሲል ብረቱ ቀዘቀዘበትና «እዚህ ጋ» አለ።