ከብቱን ለማን ትቶ ሄደ?

በእኛ ጊዜ አራተኛ ክፍል የደረሰ ሁሉ ያን የአማርኛ መጽሐፍ ጀግና ያውቀዋል። አገር ያስጨነቀ አውሬ ሊገድል ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ግዳይ ጥሎ ተመለሰ፤ ሕዝቡም በሆታ ተቀበለው። አለቀ። እኔ ግን ታሪኩን በቃሌ መያዙ አልበቃኝ ብሎ ኑሮዬ አደረግሁት። ሚስቴን ከጨቅላ ልጃችን ጋር ጂንካ ትቼ፣ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሁለት ዙር በገዛ ፈቃዴ ዘመትኩ። ሚስቴም እንደኔው አስተማሪ ናት። «አንተ ሰውዬ፣ ሦስተኛ ዙር ካልክ እዚህ ቤት አታገኘኝም!» ብላኛለች። ታዲያ ጀግና ሚስቱን ይሰማል እንዴ!

ቀይ አፈር በምትባለው ከተማ ተማሪዎቼ ትልልቅ ሰዎች፣ ከብት አርቢዎች ነበሩ። ያን ታሪክ ድምፄን ከፍ ዝቅ እያደረግሁ አነበብኩላቸው። ጭብጨባ ስጠብቅ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ።

«መምህር፣ ከብቱን ለማን ትቶ ሄደ?»

«መጽሐፉ አይልም፣ አባቴ።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ?» ብለው ወደ ሌሎቹ ዞሩ። ክፍሉ በየቋንቋው ተንጫጫ። ለእነሱ ከብቱን ያለ ጠባቂ የተወ ሰው «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚባልለት ዓይነት እንጂ ጀግና አይደለም።

ለፈተና «ታሪኩን በራሳችሁ አነጋገር ጻፉት» አልኳቸው። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ተባብረው አንድ ጽሑፍ አመጡ። በእነሱ ታሪክ የጀግናው ሚስት ሰባት ዓመት ከብት ጠበቀች፣ ማሽላ ዘራች፣ ያንኑ አውሬ ሁለት ጊዜ ከበረት አባረረች። ባልየው ሲመለስ የሚጠጣ ውሃ ሰጠችውና፣ «እንግዳው፣ ከየት ነህ?» አለችው።

የዘመቻው ኃላፊ «ሰፊው ሕዝብ ብዕር ጨበጠ!» ብሎ ጽሑፉን ግድግዳ ጋዜጣ ላይ አስለጠፈው፤ ያነበበው ግን አይመስለኝም። ቅጂው ጂንካ ድረስ ሄዶ ትምህርት ቤታችን ተለጠፈ። አንባቢው ሁሉ እየሳቀ ይሄዳል። የልጅነት ጀግናዬ በአንድ ሳምንት የአገር መሳቂያ ሆነ። ተናደድኩ፤ እውነቱን ለመናገር አፈርኩም። በንዴቴ ለሦስተኛው ዙር ኦሞራቴ ልዘምት ተመዘገብኩ።

ልብሴን ልወስድ ጂንካ ስገባ ሚስቴ ሻንጣዋን ዘግታ ደጅ ቆማለች። ወደ እናቷ ቤት የምትሄድ መሰለኝ።

«ወዴት ነው?»

«ኦሞራቴ። ስምህን አሰርዤ የኔን አስጻፍኩ። ከአንድ ቤት ሁለት ጀግና ይበዛል ስለው፣ ኃላፊው ስቆ ፈረመ።»

ልጃችንን አስታቀፈችኝና ዘማቾቹን ሊወስድ የመጣው የጭነት መኪና ላይ ወጣች። ሁለት ዓመት የሞላት ልጄ እጄ ላይ እየተወራጨች እናቷን ትጣራለች። መኪናው ከዓይናችን እንደራቀ ወደ ጎረቤታችን ዞሬ፣ «እትዬ፣ ልጄ ምን ትበላለች?» ስል እንባዬ ቀደመኝ።