ከግቢው የወጣው ፎቶ

በ2017 ዓ.ም. ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም ነበር።

ልጄ በኢንተርኔት በሚነበብ የዕውቀት መዝገብ ላይ ያለ ክፍያ ትጽፋለች። ማንም ይጽፍበታል፣ ማንም ያርመዋል፣ ማንም ወስዶ ይጠቀምበታል። በዚያ ክረምት እንዲህ ያሉ ጸሐፊዎች ከየአገሩ መጥተው ፒያሳ አንድ አዳራሽ ውስጥ ጉባኤ አደረጉ። እንግዶቹ ለመዝገቡ ፎቶ እንዲያነሱ አሮጌ ሰፈሮችን አዙራ የምታሳያቸው ልጄ ነበረች።

ከቅዳሴ ስወጣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አገኘኋቸው። የአፍንጮ በር ጎረቤታችን በልጇ መቃብር ላይ ታለቅሳለች። አርባው ነው። ነጠላዋ ከራሷ ወርዷል። አንዱ እንግዳ ስልኩን ቀና አደረገ። ሳልደርስበት ፎቶ አነሳት።

ወንድሟ ስልኩን ነጠቀው። "የሰው ኀዘን ትርኢት ነው እንዴ? አጥፉት።"

እንግዳው ደንግጦ ስልኩን ተቀበለና ፎቶውን አጠፋው። ልጄ ስልኩን ለወንድምየው አሳየችው።

"ይኸው ጠፍቷል፣ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልን።"

"ቃልሽ ነው?"

"ቃሌ ነው።"

በሩ ጋ ስንደርስ እንግዳው በጆሮዋ አንድ ነገር አላት። ፊቷ ተለወጠ።

"እማዬ፣ ፎቶው መዝገቡ ላይ ወጥቷል። ስልኩ እንዳነሳ ወዲያው እንዲልክ አድርጎት ነበር።"

"አውርጂዋ።"

"እኔ አልችልም። ከመዝገቡ ማንሳት የሚችሉት ጥቂቶች ናቸው። አንዷ አዳራሹ ውስጥ ናት፤ ስልክ አታነሳም።"

በዝናብና በጭቃ ወደ ፒያሳ ሮጥን። አንድ ወያላ አየኝ።

"ማዘር፣ ማንን ሊቀድሙ ነው?"

"ፎቶ።"

"እሱንማ በታክሲም አይደርሱበትም።"

አዳራሹ ስንደርስ ልጄ ያለቻትን ሴትዮ አሳየችኝ፤ በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። መድረክ ላይ ቆማ ትናገራለች። ልጄ በሩ ላይ ቀረች።

"ስትጨርስ እንነግራታለን።"

"እስከዚያ ስንት ሰው ያያታል?"

በእርጥብ ጫማዬ በወንበሮቹ መሃል አልፌ መድረኩ ሥር ቆምኩ። ቋንቋዋን አላውቅም፤ እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። ሴትዮዋ ንግግሯን አቆመች። ልጄ ከኋላዬ ደርሳ ነገረቻት።

ሴትዮዋ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ ፎቶውን የሰጠው ማነው? በእነሱ ሥራ አንዴ ለሁሉም የተሰጠ ነገር እንዲሁ አይመለስም። ሰጪው ራሱ ቶሎ ከጠየቀ ግን ከመዝገቡ ይነሣል። እንግዳው ተከትሎን መጥቶ፣ ዝናብ አበስብሶት ከኋላችን ቆሞ ነበር። እጁን አወጣ።

እዚያው መድረኩ ላይ ኮምፒውተሯን ከፈተች። በልቤ "እመቤቴ" እያልኩ ጣቶቿን አየሁ።

"ከመዝገቡ ተነሥቷል" አለች። ልጄ ተረጎመችልኝ።

"በመሃል ሰው ወስዶት ቢሆንስ?" አለች ልጄ።

"አልወሰደም ብዬ ልምልልሽ አልችልም" አለቻት ሴትዮዋ።

ሴትዮዋን አቀፍኳት። እግዚአብሔር ይስጣት፤ ዛሬም በጸሎቴ አነሳታለሁ።

ልጄ ወደ ቤት ስንሄድ "ለሰውየው ጠፍቷል ብዬ ቃሌን ሰጥቻለሁ" አለች።

"አውቃለሁ።"

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ልጄን ይዤ ወደ ኀዘንተኛዋ ቤት ሄድኩ። በሩን ያንኳኳችው ልጄ ናት። ወንድምየው ሲከፍትልን፣ እውነቱን እንድትናገር ከጎኗ ቆምኩ።